የጓድ በላቸው ስጋጃ

በሺር ግንበኛው እንደዚያ ሰሞን ቁጭ ማለት አቅቶት አያውቅም። ሻይ ቤት ይገባና ሻዩ ሳይመጣለት ይነሳል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ረሂማ ምሳ ታቀርብለታለች፤ አንድ ጎርሶ ወደ ደጅ ይወጣል፤ መንገዱን ሽቅብ ቁልቁል አይቶ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ሳይጎርስ ደግሞ ይወጣል። «ኧረ በአላህ ተቀመጥ፣ እኔንም አዞርከኝ!» ትለዋለች ረሂማ። እሷም ብትሆን ይህን የምትለው ከማጀት ጓዳ፣ ከጓዳ ማጀት እየተመላለሰች ነው።

የበኩር ልጃቸው ጀማሉዲን ታፍሶባቸዋል። ደጋን ከተማ ሄዶ ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አውቶቡሱን አስቆሙና ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ የመሰላቸውን ወጣት ሁሉ አወረዱ፤ እሱንም ከመሀል አወረዱት። አሁን ከሌሎቹ ጋር ከተማው ዳር ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ተዘግቶበታል። የዙሩ ምልምሎች ቁጥር ሲሞላ መኪኖች መጥተው ወደ ማሠልጠኛ ይጭኗቸዋል፤ ከማሠልጠኛ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው። ባለፈው ዙር ወደ ሰሜን ከሄዱት የሰፈሩ ልጆች የማን እናት ልቅሶ እንደተቀመጠች በሺር ያውቃል። ቁጥሩ መቼ እንደሚሞላ ግን የሚያውቅ የለም። ነገ ሊሆን ይችላል፤ አሁንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከባድ መኪና ባጓራ ቁጥር በሺር የያዘውን ጥሎ ይቆማል።

በዚህ መሀል ነው ጓድ በላቸው ያስጠራው።

ጓድ በላቸው ደሴ ውስጥ የአንድ መምሪያ ኃላፊ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ይኖራል። ውጭ ሀገር ተምሮ መጥቷል፤ ከትምህርቱ ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር የመረብ ኳስ ፍቅር ብቻ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። በሺርን ወደ ጓሮ ወሰደውና ቁልቁል ያዘቀዘቀውን፣ ጎመን የተተከለበትን መሬት አሳየው።

«እዚህ ላይ የመረብ ኳስ ሜዳ ትሠራልኛለህ። ተራ ሜዳ እንዳይመስልህ! ሣሩ ፋብሪካ የሠራው ነው። አይታጨድ፣ ውሃ አይጠጣ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ። አሰብ ወደብ ያለ ጓደኛዬ ነው የሚልክልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣብኛል፤ ኳስ ነፍሱ ነው። እዚሁ ይጫወታል።»

በሺር ስለ ሣሩ የተባለውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማው። እጁን አጣምሮ ቆመና «ጓድ፣ ልጄ…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም፤ ጓድ በላቸው ያውቃል። እንዲያውም በሺርን ያስጠራው ለዚህ ነው። ደሴ ጎበዝ ግንበኛ አጥታ አይደለም፤ ልጁ የታፈሰበት ግንበኛ ግን አይለግምም፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ አይቀርም፣ ጥርሱ ቢያመው እንኳ አይናገርም።

«ሜዳው ለቅዳሜ ይድረስልኝ እንጂ የልጁን ነገር ለእኔ ተወው» አለ ጓድ በላቸው፤ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

በሺር በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ከኮምቦልቻ ተሳፍሮ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ይወጣል። መኪናው በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያያል። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ከሆነ ልጆቹ አልሄዱም ማለት ነው። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛን እንደዚያ የናፈቀ ሰው ኮምቦልቻ አይታ አታውቅም። ዘበኛውን ካየ በኋላ ቁጭ ይላል፤ ሐረጎ አናት ላይ ሲደርስ ደግሞ «አሁንስ? ካለፍኩ በኋላ ቢመጡስ?» ይልና መልሶ ይቁነጠነጣል። አብረውት የሚሳፈሩት ሰዎች ሆዱን የሚያመው መስሏቸው መስኮት ዳር ይለቁለታል።

ጓሮው ሥራ የሚበላ ነበር። በሺርና የቀን ሠራተኞቹ ላይኛውን ቆርሰው ወደ ታች አመጡት፤ ታችኛውን በድንጋይ ካቡት። ጠጠር አለበሱ፣ አሸዋ አለበሱ፣ በርሜል ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው እየገፉ ዳመጡት። ጓድ በላቸው በየምሽቱ ብቅ እያለ «ርዝመቱ ወደ ሰሜን ነው የሚሆነው፣ እንዳትሳሳቱ! ጦሳ ተራራ ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ የተጫዋች ዓይን እንዳትወጋ» ይላል። በሺር ገመዱን ወደ ሰሜን ሲወጥር በሆዱ «ወደ ቂብላ ነው እኮ» አለ፤ ከደሴ ሲቆሙ መካ ወደ ሰሜን ናትና። ከዚያ አንድ ከባድ መኪና አስፋልቱ ላይ አጓራ፤ ነገሩን ረሳው።

ከቀን ሠራተኞቹ መሀል በሺርን የሚያረጋጋው ሞላ ነው። ሞላ መለሎ፣ ሳቂታ፣ ገና ሙሽራ ነው፤ ከበሺርና ከጀማሉዲን ጋር አብሮ ሲሠራ የቆየ ነው። ክርስቲያን ነው፤ ግን ያደገው ወሎ ነውና «ወላሂ» ሳይል ሁለት ዓረፍተ ነገር አይናገርም። በሺር መዶሻውን ጥሎ መኪና ሲያዳምጥ «የሲሚንቶ መኪና ነው፣ ጋሽ በሺር፤ ድምፁን ለይቻለሁ፤ አብሽር!» ይለዋል። ውሸቱን ነው፣ ምንም አይለይም፤ በሺር ግን ደስ ይለዋል። የሞላ ሚስት አትጠገብ በየቀኑ ምሳ ይዛ በጓሮው በር ትመጣለች። ከእሷ ሲጎርስ ሌሎቹ ሠራተኞች ይተርቡታል፤ እሱም «ቀንታችሁ ነው» ይላቸዋል። የአፈሳው ወሬ ሲነሳ «እኔን ማን ይነካኛል? የምሠራው ጓድ በላቸው ጓሮ እኮ ነው!» እያለ ይስቃል።

ሐሙስ ዕለት ሣሩ መጣ።

ሸራ ተጠቅልሎበት ነበር። ፈተው ሲዘረጉት ያ ሁሉ ሲለፈልፍ የዋለ ሠራተኛ ጸጥ አለ። አረንጓዴ ነው፤ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ያዩት መስጊድ ውስጥ ብቻ ነው። ለስላሳ ነው፤ በእጅ ሲዳብሱት መልሶ ቀና ይላል። ማንም ማንንም ሳያዝ አንዱ በረባሶውን አወለቀ። ሌላው ኮንጎውን አወለቀ። ሞላም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና ዳር ላይ ከሌሎቹ አጠገብ ደረደረ። ከዚያ ሁሉም በባዶ እግራቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጫፉን ከጫፍ በማስቲሽ ሲያጣብቁ ዋሉ።

ጓድ በላቸው መጥቶ ያን የጫማ ሰልፍ ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ።

«ይህ ምንድን ነው? መስጊድ ነው እንዴ የምታነጥፉልኝ?»

«እንዳይቆሽሽ ብለን ነው፣ ጓድ» አለ በሺር።

«ሊረገጥ ነው የመጣው! ጫማችሁን አድርጉ! ሰው ምን ይላል?»

አደረጉ። ጓድ በላቸው ቤቱ ሲገባ አወለቁ። መሸትሸት ሲል ሊያይ ሲወጣ አደረጉ። በመጨረሻ ሞላ «እኔስ ከሣሩ ይልቅ ጫማ ማውለቅና ማጥለቁ ነው ያደከመኝ» አለ፤ በሺር ከልጁ መታፈስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ጥፋት የሠራ ይመስል ደነገጠ፤ ተነስቶም መንገዱን ሊያይ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረው መስመሩ ብቻ ነበር። ነጩን ቀለም በጥብጠው፣ ገመድ ወጥረው ሊጀምሩ ሲሉ ከቪላው ኋላ ካለው አነስተኛ ክፍል አንዲት አሮጊት እየተመረኮዙ ወጡ።

እማማ ዘሀራ የጓድ በላቸው እናት ናቸው። አባቱ ክርስቲያን፣ እናቱ ሙስሊም መሆናቸውን ደሴ ታውቃለች፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ ሆኖም አያውቅ። እሱ ግን ሹመቱ ከመጣ ወዲህ አፍሮበታል። ሃይማኖቱ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እንዳይነሳበት፣ የስብሰባ ጓዶቹ ሲመጡ «እናቴን አሟታል» እያለ የክፍላቸውን በር ገርበብ ያደርግባቸዋል። እሳቸውም በጠባቧ ክፍል አሮጌ አጎዛ ላይ ይሰግዳሉ። ስጋጃ ግዛልኝ ያላሉት ቀን የለም፤ እሱም እሺ ያላለበት ቀን የለም።

ሜዳው ዳር ደርሰው ቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አረንጓዴውን ግን አላጡትም። ዳር ላይ የተደረደረውን ጫማ አዩ። ባዶ እግራቸውን የቆሙትን ሰዎች አዩ።

«ይህን ማን ነው ያነጠፈው?» አሉ።

«ጓድ በላቸው ናቸው ያስነጠፉት፣ እማማ» አለ በሺር።

«በላቸው? የኔ በላቸው?» ከዘራቸውን ጣሉት። «ያ ረቢ! ረስቶኛል ብዬ ስከፋበት፣ ልጄ ግቢውን ሙሉ አነጠፈልኝ እንዴ!»

ሞላ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል የአሮጊቷን እንባ አየና አፉን ያዘ። እማማ ዘሀራ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን እንደሚዋኝ ሰው ወደፊት ዘርግተው፣ ልክ መረቡ የሚተከልበት ቦታ ላይ ሄደው ቆሙ።

«ቂብላው ወዴት ነው ልጄ? ዓይኔ አታሎኝ እንዳልሳሳት።»

በሺር የወጠረውን ገመድ አየ። «እንደቆሙ ነው፣ እማማ። አልተሳሳቱም» አለ። እውነቱን ነው።

እሳቸውም ሰገዱ። ሰግደው ሲጨርሱ እዚያው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ ለልጃቸው ዱዓ ጀመሩ። በሺር ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። ቀለሙ መድረቅ ጀምሯል፣ ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው፣ እንግዳው ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ አሮጊቷ ግን የመነሳት ሐሳብ የላቸውም።

ጓድ በላቸው መረቡን ተሸክሞ ብቅ ያለው ያኔ ነው። እናቱን ሲያይ መረቡ ከእጁ ወደቀ።

«ማን አስገባት?» አለ በሹክሹክታ።

«ራሳቸው ገቡ። ለእሳቸው ያነጠፉላቸው መስሏቸው ነው።»

«አስነሳት!»

«እናትዎ እኮ ናቸው፣ ጓድ። እርስዎ ቢነግሯቸው…»

«እኔ ብነግራት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሰማል። አንተ አስነሳት፤ ዘዴ ፈልግ! ያ ሰውዬ መጥቶ እናቴን እዚህ ስትሰግድ ቢያገኛት ወዮልኝ!» ከዚያ ወደ በሺር ጆሮ ጠጋ አለ። «ልጅህን ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ይህን ብሎ ወደ ቤት ገባ።

በሺር መላ አዘጋጀ። ማጣበቂያው ገና ስላልደረቀ ልብስዎን ያበላሽብዎታል ሊላቸው አሰበ፤ ጥሩ ውሸት ነው፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ሳያቅማማ ይለው ነበር። ፊታቸው ሄዶ በርከክ አለ። አፉን ሳይከፍት ግን እማማ ዘሀራ እጁን ለቀም አደረጉት።

«እጅህ እንዴት ቆስሏል! አንተ ነህ የሠራኸው? አላህ ዘርህን ይባርክልህ፤ የልጆችህን ክፉ አያሳይህ። ልጆች አሉህ?»

በሺር እጁን አላስለቀቀም። እዚያው፣ አሮጊቷ አሁን ግንባራቸውን የደፉበት ቦታ ላይ ነው የተንበረከከው። ሱጁድ በተደረገበት ላይ ተቀምጦ መዋሸት አልሆንልህ አለው። ስጋጃ አይደለም፣ ሣር አይደለም፣ የላስቲክ ጨርቅ ነው ብሎ ራሱን ለማሳመን ሞከረ፤ አልሆነም። እውነቱን ዘረገፈው። የተነጠፈው ለእርስዎ አይደለም፣ ለኳስ ነው አላቸው። ስለ ልጁ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ተሰጠው ቃል እያለቀሰ ነገራቸው።

እማማ ዘሀራ ወደ ሣሩ ጎንበስ አሉ። በመዳፋቸው ሣሩን ወዲያ ወዲህ ዳበሱት።

«ለኳስ ነው?»

«ለኳስ ነው፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፊታቸው ሲከስም በሺር አየው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ሜዳው ሲያልቅ ልጅህን አስፈታለሁ ብሎሃል ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ሜዳው አለቀ?»

«መስመር ማስመሩ ብቻ ቀረ።»

«እንግዲያው ልጅህ ይምጣ። ሂድና ንገረው። እናትህ ልጁ ፊቴ መጥቶ ሳይቆም አልነሳም ብላለች በለው።»

መንገርም አላስፈለገ፤ ጓድ በላቸው በመስኮት ሲያይ ነበርና እየሮጠ መጣ። ለመነ። «እማ፣ በሞቴ ተነሽ! ሺህ ስጋጃ እገዛልሻለሁ» አለ። ተቆጣ። መልሶ ለመነ። አሮጊቷ ንቅንቅ አላሉም።

«ስማ በላቸው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «አባትህን ለጦርነት ሲወስዱት አንተ ሆዴ ውስጥ ነበርክ። ደጅ ደጁን እያየሁ ነው የወለድኩህ፤ እሱም ቀረ። የዚህን ሰው ልጅ በእጅህ ይዘህ በአባትየው እንባ ሜዳ አስነጠፍክበት? ወላሂ፣ ያጠባሁህን ጡት አውጥቼ ነው የምረግምህ!»

እጃቸውም ወደ ደረታቸው ሄደ።

ስብሰባ ላይ አምላክ የለም ብሎ የሚከራከረው ጓድ በላቸው የእናት እርግማን የለም ብሎ ግን አያውቅም። ክው አለ። «ተይ! ተይ እማ! እሺ!» አለና ወደ ስልኩ ሮጠ። በተከፈተው መስኮት ድምፁ ይሰማል። መጀመሪያ አዘዘ፣ ከዚያ ተለማመጠ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። በሺር ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ጊዜ ይቀመጣል አንድ ጊዜ ይነሳል። ሞላ አጠገቡ ቆሞ «አብሽር፣ ጋሽ በሺር፣ አብሽር» ይላል።

ጓድ በላቸው ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር።

«አልቋል። መኪናዬ ሄዳ ታምጣው። ልጁን በመልክ የሚያውቅ አንድ ሰው ከሾፌሩ ጋር ይሂድ።»

«እኔው እሄዳለሁ!» አለ በሺር፤ እግሩ ተነስቷል።

«አንተ ከሄድክ መስመሩን ማን ያሰምራል? ከወጣቶቹ አንዱን ላክ።»

በሺር ለምን ከወጣቶቹ ብሎ አልጠየቀም። ጆሮው የሰማው «አልቋል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እንደ ውሃ አልፎታል። ዞር አለና «ሞላ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ጀማሉዲንን ታውቀው የለ? ሂድ፣ የኔ ወንድም፣ አምጣልኝ!»

«ወላሂ ተሸክሜው ነው የምመጣ!» አለ ሞላ። ቀለም የነካውን እጁን በሱሪው ጠራርጎ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ከሾፌሩ ጎን ፊት ወንበር ላይ ተሰየመ። የጓድ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ ባለሥልጣን አውለበለበላቸው፤ ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

በሺር መስመሩን ያዘ። እማማ ዘሀራን ዞሮ አሰመረ፤ አንዱ መስመር ተጣመመበት፣ በላምባ ጠርጎ እንደገና አሰመረው። አንድ ጊዜ ደስታው ያፍነዋል፣ ወዲያው ደግሞ «ቢያታልሉኝስ?» ይላል። መኪናዋ ሐረጎን ስትወርድ፣ መጋዘኑ በር ላይ ስትቆም፣ ልጁ ሲወጣ፣ ሐረጎን መልሳ ስትወጣ ሁሉን በሐሳቡ ያያል፤ ወደ በሩ ቀና ይላል፤ ማንም የለም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የመጨረሻውን መስመር ጨርሶ ጀርባውን ሲያቀና የመኪና ድምፅ ሰማ።

ጀማሉዲን ወረደ። ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ሸሚዙ ሌላ ሰው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። በሺር ብሩሹን እንደያዘ ሮጦ አቀፈው፤ የልጁ ጀርባ በነጭ ቀለም ተለቀለቀ። ማሽተት፣ መሳም፣ ዳግመኛ ማቀፍ ሆነ። እማማ ዘሀራ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ተነሱ። የጀማሉዲንን የተላጨ ራስ ዳበሱት። ልጃቸውን ቀና ብለው ሳያዩ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እግራቸው ገና ከሜዳው ሳይወጣ ጓድ በላቸው መረቡን መወጠር ጀመረ።

በሺር ከልጁ ትከሻ በላይ መኪናዋን አየ። ሾፌሩ ብቻውን ነው።

«ሞላስ?» አለ።

ሾፌሩ ጨርቅ አውጥቶ ንጹሑን መስታወት መወልወል ያዘ።

«ጀማሉ፣ ሞላስ?»

«አባ» አለ ልጁ። «እኔ ስወጣ እሱ ገባ።»

«የት ገባ?»

«መጋዘኑ ውስጥ። ና ልጁን ለይተህ ውሰድ ብለው አስገቡት። ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። ከዚያ እኔን ገፍተው አወጡኝና በሩን በእሱ ላይ ዘጉት። ቁጥር መጉደል የለበትም አሉ። መኪኖቹ መጥተዋል፣ አባ። ሞተር አስነስተው ሲያሰልፏቸው ነው የተውኳቸው።»

በሺር ልጁን ለቀቀ። ወደ ጓድ በላቸው ዞረ።

«ጓድ!»

ጓድ በላቸው መረቡን ከማሰር አልተመለሰም። «ልጅህን ጠየቅኸኝ፤ ልጅህ ይኸውልህ» አለ። ከዚያ ቋጠሮውን ጠበቅ እያደረገ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንዱን ላክ አልኩህ እንጂ ሞላን ላክ አላልኩህም። ስሙን የጠራኸው አንተ ነህ» አለ።

በሺር ወደ እማማ ዘሀራ ክፍል ሮጠ። የጓድ በላቸው ሚስት በሩን በቁልፍ ዘግታ ቁልፉን ጨብጣ ቆማለች። «ደክሟቸዋል፤ ይረፉበት» አለችው። ከበሩ ኋላ የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማል፤ ልጁን ለአባቱ የመለሰውን አላህ እያመሰገኑ ነው። በሺር እጁን ሊያንኳኳ አነሳ። ወዲያው የፊት ለፊቱ በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ እንግዳው ደረሰ። የግቢው ዘበኛ ሠራተኞቹን ሁሉ፣ በሺርንና ልጁን ጨምሮ፣ በጓሮው በር ገፍቶ አወጣቸው።

አትጠገብ ውጭ ቆማ ነበር፤ ምሳውን በነጠላዋ ሸፍናለች።

ጀማሉዲንን ስታይ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ እንግዳ እንዳለ ትዝ ሲላት በእጇ አፈነችው። ዘልላ አቀፈችው። «መጣህ! ሞላ እኮ ስለ አንተ ሳያወራ የሚተኛበት ቀን የለም! ጋሽ በሺር፣ እንኳን ደስ ያለዎት! እሱስ የታል?»

ከግንቡ ኋላ ኳስ ሲመታ፣ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ተሰማ።

«ይሄ ጓድ በላቸው ልኮት ይሆናል፤ ሰው መላክ እኮ አያልቅበትም» አለች አትጠገብ ለራሷው። ከዚያ ጀማሉዲንን ከእግር እስከ ራሱ አይታ ፊቷ ተለወጠ። «በእመቤቴ! እንዴት ነው የከሳኸው? ቁጭ በል። ሽሮ ነው። የሞላ ነው ግን ግድ የለም፣ እሱ ሲመጣ ሌላ አመጣለታለሁ።»

ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ምሳውን ፊቱ ገለጠችው። ጀማሉዲን ተርቧል፤ እጁ ወደ ምግቡ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አባቱን አየ። በሺር ብላ ማለት አልቻለም፤ አትብላ ማለትም አልቻለም። «አትጠገብ…» አለ፤ ከስሟ በኋላ የሚመጣውን ቃል ግን ከየት ያምጣው?

«አቤት፣ ጋሽ በሺር?» አለች። «ደስታው እኮ ነው አፉን ያሰረው» ብላ ሳቀች። ከዚያ እጇን ተለቃለቀች፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች፣ አገጩን በሌላው እጇ ቀና አድርጋ ልጁን ራሷ አጎረሰችው።